አባባ ፊት የማይነበበው ወረቀት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ያ ግራ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? አባባስ እንዴት ናቸው? እህል ይበላሉ? ባለቤትሽ ጋሼስ ከመስክ ሥራቸው ተመለሱ? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? ትንሹስ የፊት ጥርሱን አወጣ ወይስ አሁንም ሲስቅ ሽማግሌ ይመስላል? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ሰውነቴ ደህና ነው። የቀረውን ግማሽ ከታች ታነቢዋለሽ።

ከማንበብሽ በፊት ግን ፖስታውን ገልብጠሽ እዪልኝ። ክዳኑን ሁለት ጊዜ በሙጫ አሽጌ መገጣጠሚያው ላይ ፈርሜበታለሁ። ፊርማው ከተዛባ አንድ ሰው ቀድሞሽ አንብቦታል ማለት ነውና ሳትውይ ሳታድሪ አሳውቂኝ። ደብዳቤ የሚያመጣልሽን ያንን የጎረቤታችሁን ሹፌር ከድሮም አላምነውም፤ ፈገግታው ይበዛል። ውስጡ ሁለት ወረቀት አለ። አጭሩ ለአባባ ጮክ ብለሽ የምታነቢላቸው ነው፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናዬ ብቻ ነው የሚያወራው። ይኸኛው ግን ላንቺ ብቻ ነው። ስልክ ያልደወልኩትም ለዚሁ ነው። የአባባ ጆሮ ከደከመ ወዲህ የቤታችሁ ስልክ ድምፁ ተለቆ ስለሆነ የሚወራበት፣ እኔ እዚህ «ሃሎ» ስል ሰፈሩ በሙሉ እዚያ «አቤት» ይላል። ፎቶ ኮፒ ቤትሽ እንዳልደውል ደግሞ ባለፈው እዚያ ደውዬ የነገርኩሽ ነገር የት የት እንደደረሰ አይቻለሁ።

አክስታችን ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። አንቺና አጎታችን በመጪው ወር መግቢያ እዚህ መጥታችሁ የእኔንና የባለቤቴን ነገር «እንደምትቆርጡት» ተናገረች። ስልኩን ያነሳችው ባለቤቴ ናት። እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዳትመጪ ልለምንሽ ነው። እንደ እናት ያሳደግሽኝ እህቴን ቤቴ አትምጪ ማለት ምን ያህል እንደሚከብደኝ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ምክንያቱን ሳልደባብቅ ልንገርሽ፤ አንቺም እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትፍረጂ።

ከአምስት ወር በፊት የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ። ከተጋባን ዓመት ሊሞላን ሲል ገና እንደ ባልና ሚስት መሆን እንዳልቻልን፣ እኔ ስቀርባት ሰውነቷ ድርቅ እንደሚል፣ እንደሚያማት፣ እንደምታለቅስ፣ እኔም መቅረብ መፍራት እንደጀመርኩ ነበር የነገርኩሽ። አንቺም ማሽኑ ከኋላሽ እያጓራ «አንድ ነገር ትደብቅሃለች፤ ልቧ ሌላ ቦታ ያለ ሴት ናት እንዲህ የምትሆን፤ በዓይንህ ጠብቃት» አልሽኝ። «እኛም ችለን ነው ያለፍነው፣ የእሷ ምን የተለየ ነው?» ያልሽውም አልጠፋኝም። አልዋሽሽም፣ ምክርሽ ጣፈጠኝ። ጥፋቱ ከእኔ ወርዶ እሷ ላይ ሲያርፍ ቀለል አለኝ።

ሥራዬን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ፋብሪካው ባልዲና ጆግ፣ የጠርሙስ ክዳንና የቱቦ መጋጠሚያ ይሠራል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ከፈረቃ የሚወጣውን ወንድ ሁሉ እፈትሻለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሕግ ይዣለሁ፦ እጄ ሲያርፍበት ሰውነቱ የሚደርቅ ሰው አንድ ነገር ይዟል። ሠራተኛው «ራጅ» የሚል ስም አውጥቶልኛል። እኔም ስሙን ወድጄው፣ ደረቴን ነፍቼ እሄድበት ነበር። ያንን ሕግ ነው ሳላስበው ይዤው ቤቴ የገባሁት። የባለቤቴ ሰውነት ሲደርቅ፣ ይዛለች አልኩ።

ባለቤቴ እዚያው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል እንደምትሠራ ነግሬሻለሁ። ሴቶቹን ከእኔ ጎን ባለችው የመጋረጃ ክፍል የምትፈትሸው ሻምበል የምንላት ባልደረባዬ ናት። ወታደር ሆና አታውቅም፤ ድምጿ ነው የሾማት። ካንቺ ጋር ካወራን በኋላ ዓይኔን ስከፍት ጉዱን አየሁት። ሐሙስ ሐሙስ ባለቤቴ በሰዓቱ ከበሩ ትወጣለች፣ ቤት የምትደርሰው ግን ሦስት ሰዓት ቆይታ ነው። የት ቆየሽ ስላት ከጓደኞቼ ጋር ስናወራ ትላለች። ጓደኞቿን በወሬ ወሬ ጠየቅኋቸው፤ እኛማ በጊዜ ነው የምንገባው አሉኝ። እሷና ሻምበል ደግሞ መጋረጃው ውስጥ ሲንሾካሾኩ ቆይተው እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ነገር ነገር አለኝ፤ ምግብ አልወርድ አለኝ።

አንድ ቅዳሜ እሷ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቦርሳዋን ከፈትኩት። የሰው ቦርሳ መክፈት ለእኔ እንጀራዬ ነው፤ የዚያን ቀን ግን መጀመሪያ በሩን ዘጋሁ። ከገበሩ ሥር ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ አገኘሁ። ውስጧ አምስት ለስላሳ ነጭ ፕላስቲኮች አሉ፤ ጫፋቸው ድቡልቡል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው መጠናቸው ብቻ ይለያያል። ቀጭኑ ትንሿን ጣት ያክላል፣ ሌሎቹ በደረጃ እየወፈሩ ይሄዳሉ። አንድ ቱቦ ቅባትና አንዲት ደብተርም አለች። ደብተሯ ላይ በእሷ እጅ ጽሑፍ «ሁለተኛው፣ ስምንት ደቂቃ»፣ «ሁለተኛው፣ አልሆነም»፣ «ሁለተኛው፣ አሥር ደቂቃ፣ ጥሩ» የሚል አለ። እትዬ፣ ስድስት ዓመት የፕላስቲክ ፋብሪካ በር ላይ የቆመ ሰው ምን ብሎ እንደሚያስብ ገምቺ። ናሙና ነው አልኩ! ደቂቃው ቅርጽ ማውጫው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ፣ «አልሆነም» ያለችው የተበላሸ ምርት መሰለኝ። ባለቤቴ የፋብሪካውን ምስጢር በየሐሙሱ ለሌላ ፋብሪካ ሰው ታሳልፋለች፣ አንቺ የጠረጠርሽው ሰውዬም እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። በአንድ ቅዳሜ ሚስቴን ሌባም ከሃዲም አደረግኋት።

ሦስተኛውን ፕላስቲክ ኪሴ ከትቼ ሰኞ ወደ ግምጃ ቤት ኃላፊው ሄድኩ። ይህን ስጽፍልሽ ጆሮዬ ሳይቀር ይቃጠላል። ሰውዬው መነጽሩን አጠለቀ፣ ካሊፐር በሚሉት የብረት መለኪያ ለካው፣ ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረገው። ከዚያ የጥራት ተቆጣጣሪውን ጠራው። ሁለቱ ግንባራቸውን ቋጥረው ከተመካከሩ በኋላ የቱቦ ክዳን ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ከእኛ ቅርጽ ማውጫ የወጣ አይደለም፣ አጨራረሱ ከእኛ ይበልጣል አሉ። ኃላፊው መዝገቡን ስቦ «ባለቤቱ ያልታወቀ፣ የቱቦ ክዳን መሰል፣ ብዛት አንድ» ብሎ ጻፈ።

ልክ በዚያ ሰዓት ሻምበል አዲስ ጓንት ልትወስድ ገባች። ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ጠረጴዛውን አየች። ያ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ፣ ቀስ ብላ «ይኼ ሴቶች በር ላይ የተረሳ ነው፤ ባለቤቷን አውቃታለሁ» አለችና በጓንቱ ሸፍና አነሳችው። ኃላፊው ሳትፈርሚ አይወጣም አላት። ፈረመች! ከዚያ እኔን በዓይኗ እየነዳች ከመጋዘኑ ኋላ ወሰደችኝና የገዛ ሚስትህን ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ አስጥተህ በካሊፐር ታስለካለህ አንተ ሰውዬ ብላ ወረደችብኝ። ምንድነው እሱ ብላት ደግሞ፣ እኔ መጋረጃ ውስጥ ያየሁትን ለማንም ባል ተናግሬ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም፣ ሂድና ራሷን ጠይቃት አለችኝ። ስትጠይቃት እንደ ፈታሽ ሳይሆን እንደ ሰው ጠይቃት ያለችው ግን የገባኝ በኋላ ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ሦስተኛው መጥፋቱን ከቅዳሜ ጀምሮ አውቃ ዝም ብላለች። እኔ ግን ሰው አልሆንኩም፤ እንደ ፈታሽ ነው የጠየቅኋት። ከማን ተቀበልሽው? ለማን ልታደርሺው ነው? የክሊኒክ ካርድና አንድ የታጠፈ ወረቀት ፊቴ ዘረጋችልኝ። ሕመም ነው ያለብኝ፣ ስም ያለው ሕመም ነው፣ እየታከምኩ ነው፣ ያ የወሰድከውም የሕክምናው ማለማመጃ ነው አለችኝ። ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ አልኩ። የሰጠችኝን መልስ እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «ላንተ የሆንኩትን አንተ ለእህትህ ነገርክ። ሳምንት ሳይሞላ አክስትህ ደውላ ‹ልጄ፣ ባልሽን ለምን ታስቸግሪዋለሽ?› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ላንተ ምን ልንገርህ?»

እትዬ፣ አንቺ ነሽ ያወራሽው አልልም። ምናልባት ማሽኑ አጠገብ ወረፋ የያዘ ሰው ሰምቶ ይሆናል። ምናልባት ለአክስታችን በቅንነት አማክረሻት ይሆናል። እውነቱን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም፣ የእሷን ነገር ሳታውቅ ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝና። እኔ ጠርጥሬ ስከታተላት እሷ የምትደበቀው በእኔው ምክንያት ነበር።

ብቻዋን ያየችውንም ነገረችኝ። መጀመሪያ የሄደችበት ቦታ አንድ ሰውዬ ሳይመረምራት፣ ዓይኗን እንኳ ሳያይ፣ ምንም የለብሽም፣ ዘና በይ፣ ካስፈለገሽ ትንሽ ጠጪበት ብሎ ሸኛት። እያለቀሰች ስትወጣ አንዲት አዋላጅ ተከትላት ወጥታ የሌላ ክሊኒክ አድራሻ እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችላት። እጇን ሳትታጠብ ነው በማግስቱ የሄደችው። ሻምበልም ነገሩን ያወቀችው ያችን ቦርሳ ስትፈትሽ አግኝታ ነው፤ ካርዱን አይታ ዚፑን መልሳ ዘጋችው፤ ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ አይዞሽ ነበር የምትላት።

በሚቀጥለው ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ። ልደግፋት ነው የሄድኩት ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ላጣራ ነው። የበሩን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሐኪሟን ፈቃድ ተጠግቼ የማህተሙን ቀን ሳይቀር አየሁ። ሐኪሟ ባለቤቴን ብቻዋን አስገብታ ባልሽ ቢገባ ትፈቅጃለሽ ወይ ብላ መጠየቋን ስሰማ ይኼስ ለምን አስፈለገ ብዬ ተጠራጠርኩ። አሁን ሳስበው እኔ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኋት ጥያቄ ነበር።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። የሕመሙ ስም ቫጂኒስመስ ይባላል። በሴት ብልት በር ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ሴቲቱ ሳታዛቸው በራሳቸው ይኮማተራሉ፤ እሷ ብትፈልግም ባትፈልግም ይዘጋሉ፣ ሲዘጉም ያማታል። ሲያማት ሰውነቷ ሕመሙን ይመዘግብና በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይነካ ይዘጋል። የድሮ ሕመም፣ ፍርሃት፣ አስተዳደግ፣ ክፉ የደረሰባት ነገር ሊያመጣው ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ ጨርሶ አይገኝም። እኔም የመጣሁበትን ጥያቄ አወጣሁት፤ ከልቧ ብትፈልገኝ ይከፈት ነበር አይደል አልኳት። ባለቤቴ አጠገቤ አንገቷን ደፋች። ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም፤ ሥራህ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት ስትፈትሻቸው ሰውነታቸው የሚደርቀው ሁሉ ሌቦች ናቸው ወይ አለችኝ።

የተረፈ ፕላስቲክ መፍጫ ክፍል ይሠራ የነበረ አንድ ዝምተኛ ሰው ትዝ አለኝ። እጄ ጎኑን ሲነካው እንደ እንጨት ይሆን ነበር። ሦስት ጊዜ ለብቻው ክፍል አስገብቼ ጫማውን ሳይቀር አስወልቄ ፈተሽኩት፤ ምንም የለውም። ለምን እንዲህ ትሆናለህ ብዬ ስጮህበት እኔም አላውቅም፣ የሰው እጅ ሲያርፍብኝ ነው አለኝ። አራተኛ ጊዜ አልጠበቀኝም፤ ሥራውን ለቆ ሄደ። እኔም ሌባ ነበር፣ ነቅቶብኝ ነው የሄደው እያልኩ ለባልደረቦቼ አወራሁ። እዚያ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንት ሰው በድዬ ይሆን አልኩ።

የባለቤቴ ምክንያት ምን እንደሆነ አላውቅም። ስፈልግ እነግርሃለሁ ብላኛለች። ባውቀውም ኖሮ ላንቺ አልጽፈውም ነበር።

ሕክምናውን ግን ልንገርሽ፣ ጠንቋይ ቤት የሄድን እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ ሐኪሟ በእሷ ፈቃድ፣ ቀስ ብላ፣ በቃኝ ስትል እያቆመች መርምራ ቁስልም ኢንፌክሽንም እንደሌለ አረጋገጠች። ከዚያ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት የሚሏት የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ትንፋሽ እያሳበች ጡንቻን ማላላት ታስተምራታለች። ማለማመጃዎቹን ቤት ውስጥ በራሷ እጅ፣ ከቀጭኑ ጀምራ፣ ሰውነቷ ሲለምድ ብቻ ወደሚቀጥለው እያለፈች ትጠቀማለች። የምክር ባለሙያም አለች፤ አንዳንዴ እሷን ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለታችንንም ታነጋግረናለች። ለእኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነው። እሷ እስክትል አልሞክርም፣ መቼ ነው የሚያልቀው ብዬ አልጠይቅም፣ ችላ እንድታልፈው አላስገድድም። በጉልበት መሞከር ሕመሙን ያባብሰዋል አለችኝ፤ መጠጡም መድኃኒት አይደለም። ይድናል ወይ ስላት ብዙዎቹ ይድናሉ አለችኝ። ሁሉም አላለችም። አለማለቷን ልብ ስላልኩ ነው ያመንኳት።

አንድ ጊዜ አምኜ ያረፍኩ እንዳይመስልሽ። ሌላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጓደኛዬን ነው የያዘው ብዬ ጠየቅሁ፤ ሴት ነው የሚይዘው ብለው ሳቁብኝ፣ የቀረውን ግን ልክ እንደ ሐኪሟ ነገሩኝ። ዛሬም ባለቤቴ ስልክ ስታነሳ ጆሮዬ ይቆማል። በወር አንዴ እንደ እሷ ያሉ አራት ሴቶች ከምክር ባለሙያዋ ጋር ይሰበሰባሉ፤ መጀመሪያ ሄዳ የተመለሰች ዕለት ብቻዋን ስትስቅ ያዝኳት። ምን ተወራ የሚለው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስተኛው ላይ ደርሰን ነበር። ልምምዷን በምትሠራበት ሰዓት የእኔ ድርሻ ክፍሉን ለቅቄ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቼ መቀመጥ ነው፣ ሰው እንዳያንኳኳ። አከራያችን ሦስት ቀን አየችኝና ሚስትህ አባረረችህ እንዴ አለችኝ። ንጹህ አየር እየወሰድኩ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም።

ታዲያ አክስታችን ደወለች። ባለቤቴ ስልኩን አስቀምጣ ያችን ቦርሳ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ከአሮጌው ሻንጣ ኋላ ወረወረቻት። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፣ አላወረደቻትም። ባለፈው ሐሙስም ክሊኒክ አልሄደችም። አጎትህ እዚህ ክፍል ተቀምጠው ስለ ሰውነቴ የሚነጋገሩ ከሆነ እኔ ከዚያ በፊት ወጥቻለሁ አለችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እትዬ፣ ይህች ሴት የምትለውን የምታደርግ ናት። ያን ሁሉ ወር ብቻዋን ሐኪም ቤት የተመላለሰች ሴት ብቻዋን መኖርም አያቅታትም። እኔ ነኝ የማልችለው። እወዳታለሁ፤ ላንቺ እንዲህ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ልጻፈው።

ስለዚህ እግርሽ ሥር ወድቄ እለምንሻለሁ፣ ጉዞውን ተዪው፣ አጎታችንንም አስቀሪልኝ። ምን ልበላቸው ካልሽ ልጆቹ ሕክምና ላይ ናቸው፣ ሐኪም ይዟቸዋል በያቸው። የማን ሕክምና ካሉ የሁለቱም በዪ፤ ውሸት አይደለም። ልጅስ ካሉም ሐኪሟ የሚያስቸኩል ነገር የለም ብላለች በዪ። ለአክስታችን ግን እባክሽ ምንም አትንገሪ፤ ይህን ደብዳቤ ስታነቢ እንኳ በር ዝጊ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። «እኛም ችለን ነው ያለፍነው» ያልሽኝን ለሐኪሟ ነገርኳት፤ በአንቺ ላከራክራት ብዬ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እህትህ ምን ችላ ይሆን አለችኝ። እትዬ፣ ክው አልኩ። ስታሳድጊኝ፣ ስታገቢ፣ ስትወልጂ አጠገብሽ ነበርኩ፣ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ዛሬም ጠይቄ አላስጨንቅሽም፤ የወንድም ጥያቄም አይደለም። ግን ሐኪሟ ዕድሜ አያግደውም፣ የሚያማት ነገር ካለ ዛሬም መታየት ትችላለች ብላለች። እኔ ይህን ማድረስ ስላለብኝ ነው የጻፍኩት። አንብበሽ ዝም ብትዪኝ መብትሽ ነው።

የሁሉም ሰላምታ በዚያኛው ወረቀት ላይ ቢኖርም ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መዝጋት እጄ እምቢ አለኝ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ መነጽራቸውን እንዳስጠግን መላካቸውን አልረሳሁም በያቸው። ለጋሼ በጣም ሰላም በዪልኝ፤ ወሬ ስለማያበዙ እሳቸውን አልጠረጥርም። ትልቋን ልጅሽን በርቺ በያት። መካከለኛውን ኳሱን ትንሽ ቀንስ በዪው። የትንሹን ጉንጭ ንከሺልኝ። ለአክስታችንም ሰላም በያት፣ ሰላምታ ብቻ።

ባለቤቴን በተመለከተ ግን ልናዘዝልሽ። እስከ ዛሬ በየደብዳቤዬ መጨረሻ «ባለቤቴም ሰላም ብላሻለች» እያልኩ የጻፍኩት ከራሴ ነበር፤ ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ ጠየቅኋት። የሥራ ልብሷን እያጠፈች ነበር። አጥፋ ጨርሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሰላም ብላለች አትበላት፣ ውሸት ይሆናል፤ አድራሻዬን ጻፍላት፣ ስለ እኔ ማወቅ የምትፈልገው ነገር ካለ እኔን ትጠይቀኝ፣ እመልስላታለሁ አለችኝ።

አድራሻው ከእኔው ጋር አንድ ነው። ፖስታው ላይ ግን የእሷን ስም ብቻ ጻፊበት። በሩ ላይ የምቀበለው እኔ ብሆንም አልከፍተውም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፋብሪካው በር ማዶ ካለችው የኪራይ ክፍላችን፣
ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን